ያን ፎቶ ማን አነሳው? ስለ መንኮራኩር ማረፊያ ሥዕሎች የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «መንኮራኩር ማርስ ላይ ሲያርፍ የሚያሳዩ ምስሎች በየጊዜው አያለሁ። ፓራሹቱ ተዘርግቷል፣ ከሆዱ ሥር እሳት ይተፋል፣ ከበስተኋላው ቀይ ተራራ ተደርድሯል። እዚያ ግን ሰው የሚባል የለም። ታዲያ ከውጭ ሆኖ ያነሳው ማን ነው? ሥዕል ነው ከተባለስ የቱን አምኜ የቱን ልተው?»

ያነሳው የለም። ሲወርድ ያለውን መንኮራኩር ከነሙሉ አካሉ፣ በቅርብ ርቀት፣ ከጎን ሆነው የሚያሳዩት ምስሎች ሥዕሎች ናቸው። አብዛኞቹም የተሠሩት መንኮራኩሩ ገና ከምድር ሳይነሳ ነው። የጠፈር ሥዕላዊ ማብራሪያ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ለሁለተኛው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለኝ፦ ብረቱን ይመኑ፣ እሳቱንና ሰማዩን ይጠርጥሩ። ረጅሙ መልስ ከዚህ ይቀጥላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብረቱ የሚታመነው ሠዓሊው ከራሱ ስለማይፈጥረው ነው። ዛሬ የማረፊያ ሥዕል የሚሠራ ሰው ባዶ ወረቀት ይዞ አይጀምርም። መሐንዲሶቹ መንኮራኩሩን የነደፉበት የኮምፒውተር ሞዴል ይሰጠዋል፤ ብሎኑ፣ ገመዱ፣ የነዳጅ ጋኑ በልኩ እዚያ ውስጥ አለ። የእሱ ሥራ ሞዴሉን ማቅለል፣ ቀለምና ብርሃን ማልበስ፣ ከዚያም ተመልካቹ ከየት ሆኖ እንደሚያይ መወሰን ነው። ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የተባሉት ሮቨሮች (በጎማ የሚሄዱ አሳሽ ማሽኖች) በ2004 ከማረፋቸው በፊት ዓለም ያየውን አኒሜሽን የሠራው ዳን ማስ ሥራውን የጀመረው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነበር። ሮቨሩ በአየር ከረጢቶች ተጠቅልሎ ማርስ ላይ ሲነጥር ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ከዚያ አኒሜሽን የቀረውን ነው። የንጥረቱን ሂደት ከውጭ የቀረጸ ካሜራ አልነበረም።

ብረትም ቢሆን ግን ቀን አለው። ሞዴሉ ለሠዓሊው የሚሰጠው ንድፉ ባንድ ደረጃ ላይ እያለ ነው፤ መሐንዲሶቹ ከዚያ በኋላም ይቀይሩታል፣ ሥዕሉ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ሥዕሉ የተሠራበትን ዓመት ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ። በማረፊያ ሥዕሎች ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት ይህ ነው፤ ስሕተት አልኩት እንጂ ብዙ ጊዜ እየታወቀ የሚደረግ ነው። ማርስ ላይ ያረፉት ቫይኪንግ፣ ፊኒክስ፣ ኪዩሪዮሲቲ፣ ኢንሳይት፣ ፐርሲቪራንስ ሁሉም በመጨረሻ ፍጥነታቸውን የገቱት ሃይድራዚን በሚባል ነዳጅ ነው። ሃይድራዚን በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ እንደ ቤንዚን አይነድም፤ የሚያነድደው ሌላ ፈሳሽ አብሮት አልተጫነም። ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ሲነካ ራሱን በራሱ በትኖ ወደ ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅንና አሞኒያ ይለወጣል፤ መንኮራኩሩን የሚገፋው ይህ የጋለ ጋዝ ነው። ጋዙ ደግሞ ጠርቶ የሚያሳልፍ፣ ለዓይን የማይታይ ነው።

ይህን በዓይናችን ያየነው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 ፐርሲቪራንስ የተባለው ሮቨር ጄዜሮ በሚባለው የማርስ ጉድጓድ ውስጥ ሲያርፍ ነው። ሮቨሩ ላይ ወደ ላይ የሚያይ ካሜራ ነበር። በዚያ ቪዲዮ ሮቨሩ በገመድ ሲወርድ፣ ከበላዩ ተንሳፍፎ የያዘው አውራጅ ክፍል ወለል ብሎ ይታያል፤ የሞተሮቹ አፎች ጭምር። ነበልባል የለም። ጭስም የለም። መጀመሪያ ያየ ሰው ሞተሮቹ የጠፉ ሊመስለው ይችላል፤ እነሱ ግን በዚያች ቅጽበት ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ሮቨር ከነራሳቸው ተሸክመው ቆመዋል።

ሠዓሊ ይህን እያወቀ ለምን እሳት ይጨምራል? ምክንያቱም እሳቱን ሲያወጡት ሥዕሉ ይሞታል። ሁለት ቶን የሚያህል ማሽን ያለ ምንም ድጋፍ አየር ላይ ተሰቅሎ ይቀርና ተመልካቹ «ይህ ነገር በምን ቆመ?» ይላል። ስለዚህ ብዙዎቻችን መካከለኛውን መንገድ እንይዛለን፦ ሣሣ ያለ፣ ከበስተኋላው ያለውን የሚያሳይ፣ ነጣ ወይም ሰማያዊ ያለ የጋዝ ጅረት። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ብርቱካንማ ነበልባል ከነጥቁር ጭሱ ሲሣል ነው፤ ያ ከምድር የሚነሱ የኬሮሲን ሮኬቶች መልክ ነው እንጂ እዚህ ቦታ የለውም።

እሳቱ አንዳንዴ ከውበት ያለፈ ነገርም ያበላሻል። በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት ሁለቱ ቫይኪንጎች እያንዳንዳቸው ሦስት የማረፊያ ሞተር ነበራቸው፤ እያንዳንዱ ሞተር ደግሞ አንድ ትልቅ አፍ ሳይሆን 18 ትንንሽ አፎች ነበሩት። ይህ የሆነበት ምክንያት ነበረው። ቫይኪንግ አፈሩን ዝቆ ሕይወት ይኑርበት አይኑርበት ሊመረምር ነው የሄደው፤ ጋዙ ባንድ ቦታ ተከማችቶ አፈሩን ቢቆፍረውና ቢያግለው ምርመራው ገና ሳይጀመር ይበላሻል። ስለዚህ ጋዙን በተኑት። ከእያንዳንዱ ሞተር አንድ ወፍራም የእሳት ምሰሶ አውርዶ የሣለ ሰው የመሐንዲሶቹን ዋና ሐሳብ ሰርዞታል ማለት ነው።

አቧራውም እንዲሁ ነው። የማርስ አየር ግፊት ከምድሩ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ምድር ላይ ሄሊኮፕተር ሲያርፍ እንደምናየው አቧራው እየተጠቀለለ ደመና ሠርቶ እንዲንሳፈፍ የሚይዘው አየር እዚያ የለም ማለት ይቻላል። ከአውራጁ ክፍል ወደ ታች የተነሳው የፐርሲቪራንስ ቪዲዮ አቧራው መሬት ለመሬት፣ በቀጥታ መስመር፣ ከመሃል ወደ ዳር ሲጠረግ ያሳያል። ድንጋይም አብሮ ይነሳል፤ ኪዩሪዮሲቲ በ2012 ካረፈ በኋላ ጀርባው ላይ ጠጠሮች ተገኝተዋል። ክብ ክብ እየሠራ የሚወጣ ለስላሳ የአቧራ ደመና ካዩ ሠዓሊው ያየው ምድርን ነው።

ከእሳቱና ከአቧራው ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ተመልካቹ የሚቆምበት ቦታ ነው። ፐርሲቪራንስ ባረፈ ማግስት የወጣውን ፎቶ ያስታውሱት፦ ሮቨሩ መሬት ሊነካ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው፣ ከላይ ወደ ታች ታይቶ፣ በሦስት ገመድና በአንድ የመረጃ ኬብል ተንጠልጥሎ። በዚያ ፎቶ ላይ ሰማይ የለም። አድማስ የለም። ተራራ የለም። ያለው ሮቨሩ፣ ገመዱና እየተጠረገ ያለ አቧራ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ያንኑ ቅጽበት ስንሥል ከጎን ሆነን፣ አድማሱን ዝቅ አድርገን፣ አውራጁን ከላይ ሮቨሩን ከታች አሰልፈን ነበር። እንዲያ የምናደርገው አድማስ ከሌለ ተመልካቹ ከፍታውን ስለማያውቅ ነው። እኛ በመረጥነው ቦታ እውነት ሰው ቆሞ ቢሆን ግን የሚቀበለው የጠጠር ዶፍ ነበር። በእኔ ግምት እስከ ዛሬ ከወጡ የማረፊያ ምስሎች ሁሉ ያ አድማስ የሌለው ፎቶ ይበልጣል፤ ደፍሮ እንዲያ የሣለ ሰው ቢኖር ግን ሥዕሉን የሚያዝዘው መሥሪያ ቤት «ምኑ ነው የሚታየው?» ብሎ ይመልሰው ነበር።

ሌላው የሠዓሊ ብልሃት ጊዜንና ርቀትን ማጠፍ ነው። ፐርሲቪራንስ የማርስን ከባቢ አየር የነካው በሰዓት 19,500 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። ፓራሹቱ የተከፈተው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከድምፅ ፍጥነት በላይ እየሄደ ነው። የሙቀት ጋሻው ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ወደቀ። ፓራሹቱን ጥሎ በሞተር መውረድ የጀመረው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው፤ በገመድ የማውረዱ ሥራ የመጨረሻዋ 20 ሜትር ጉዳይ ነው። በብዙ ሥዕል ላይ ግን የተዘረጋው ፓራሹት፣ የወደቀው ጋሻና ጎላ ብሎ የሚታይ መሬት ባንድ ፍሬም ይገናኛሉ። ፓራሹት ተዘርግቶ ሳለ ከሥሩ የመሬቱ ጠጠር አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ ያ ሥዕል ሦስት ደቂቃን ባንድ ገጽ ሊተርክ እየሞከረ ነው። ሐሰት ነው አልልም፤ እንደ ካርታ ይነበብ እንጂ እንደ ፎቶ አይነበብ።

ፎቶም ቢሆን በርቀት ጉዳይ ያታልላል፤ ይህን የምለው ለሠዓሊዎች ለመሟገት አይደለም። ሜይ 25 ቀን 2008 ፊኒክስ ወደ ማርስ ሰሜናዊ ሜዳ ሲወርድ፣ ማርስን እየዞረ የነበረው ሌላ መንኮራኩር ሃይራይዝ በተባለ ካሜራው 760 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አነሳው። አንድ መንኮራኩር በሌላ ፕላኔት ላይ ሊያርፍ ሲወርድ በሌላ መንኮራኩር ፎቶ ሲነሳ የመጀመሪያው ነበር። ፓራሹቱና ፊኒክስ ሁለት ነጫጭ ነጥቦች ሆነው ይታያሉ፤ ከሥራቸው ሃይምዳል የሚባል 10 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ተዘርግቷል። ያየ ሁሉ ፊኒክስ ጉድጓዱ ውስጥ ሊገባ ነው ይላል። እውነቱ ግን ጉድጓዱ ከፊኒክስ ጀርባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው ያለው። ሠዓሊ እንዲያ ቢሥለው ኖሮ «አጋነንከው» በተባለ!

ብርሃንና ሰማይ ላይ ስንመጣ ታሪኩ ይረዝማል። ፓዝፋይንደር ጁላይ 4 ቀን 1997 ያረፈው በማርስ ሰዓት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይ አልወጣችም። የዚያን ማረፊያ ሥዕሎች ቢፈልጉ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ብርሃን ነው። ጨለማ ውስጥ የሚነጥር የአየር ከረጢት ሥሎ መሸጥ ከባድ ነውና አልፈርድም። ማርስ ላይ እኩለ ቀንም ቢሆን የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን ምድር ላይ ከሚደርሰው ግማሽ አይሞላም፤ ፀሐይዋም እኛ ከምናያት ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ሆና ነው የምትታየው። ሥዕል ላይ ግዙፍ ፀሐይ ሲያዩ የሠዓሊው ናፍቆት ነው በሉት።

የሰማዩ ቀለም ግን ሠዓሊዎችን ብቻ አይደለም ያሳሳተው። ጁላይ 20 ቀን 1976 ቫይኪንግ 1 ሲያርፍ በማግስቱ የወጣው የመጀመሪያ ባለቀለም ፎቶ ሰማዩን ወደ ሰማያዊ ያደላ አድርጎ አሳየ። ሳይውል ሳያድር ታረመ፤ በአየሩ ላይ ባለው ደቃቅ አቧራ የተነሳ የማርስ የቀን ሰማይ ወደ ቢጫና ሮዝ የሚያደላ ነው። ሰማያዊው የሚመጣው ፀሐይ ስትጠልቅ በዙሪያዋ ነው፤ ከእኛ ሰማይ ጋር የተገላቢጦሽ ማለት ነው። ቀለሙን ያቀናበሩት ሰዎች ሳያስቡት ወደለመዱት ሰማይ አዘነበሉ፤ ከሠዓሊ ጉዳይ በምን ይለያል?

በዚህ ረገድ የቆዩ ሁለት ሠዓሊዎች ታሪክ ሁሌም ያስተምረኛል። አሜሪካዊው ቼስሊ ቦንስቴል በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በመጽሔቶች ላይ ባወጣቸው ሥዕሎች የጠፈርን መልክ በሕዝብ አእምሮ ውስጥ የተከለ ሰው ነው፤ ጨረቃን ሲሥል ተራሮቿን እንደ መጋዝ ጥርስ የሾሉ አደረጋቸው። ከእሱ በፊት የነበረው ፈረንሳዊው ሉሲያን ሩዶ ደግሞ ቴሌስኮፕ ላይ ተቀምጦ የጨረቃን ጠርዝ አስተውሎ የጎበጡና የለዘቡ ኮረብታዎች ሣለ። ሰዎች ጨረቃ ላይ ወርደው ሲያዩ ልክ የነበረው ሩዶ ነው። ዝና ያገኘው ግን ቦንስቴል ነው፤ የሾለው ተራራ ያስደነግጣላ።

ቬኑስን ባጭሩ ላንሳ፤ እሷ የሶቪየቶች ፕላኔት ነበረችና ብዙ ሰው ይረሳታል። ቬኔራ 7 በዲሴምበር 1970 በሌላ ፕላኔት ላይ አርፎ መረጃ የላከ የመጀመሪያው መንኮራኩር ሆነ። ቬኔራ 9 በኦክቶበር 1975 የመጀመሪያውን ፎቶ ላከ። በቬኔራ ማረፊያ ሥዕሎች ላይ መሬት እስኪነካ ድረስ ፓራሹት ተንጠልጥሎበት የሚያዩ ከሆነ ከ9 ጀምሮ ላሉት ልክ አይደለም፤ ፓራሹታቸውን የጣሉት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የቀረውን መንገድ በአናታቸው ዙሪያ በተገጠመ ሰፊ ሳህን መሰል ብረት እየቀዘፉ ወረዱ፤ የቬኑስ አየር ያን ያህል ወፍራም ነው። ከታች ድቅድቅ ጨለማ ሊሆን ይችላል ተብሎም ቬኔራ 9 መብራት ይዞ ነበር፤ ሲደርስ ግን ብርሃኑ ለካሜራው በቂ ሆኖ ተገኘ። ጨለማውንና መብረቁን የሚሥሉ እጆች እስከ ዛሬ አላረፉም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልንገርዎ። አንዳንድ በጣም የተዋጣላቸው የማረፊያ ሥዕሎች ጨርሶ ያልሆነ ነገር ነው የሚያሳዩት። ማርስ ፖላር ላንደር በደቡብ ዋልታ አቅራቢያ በእግሮቹ ቆሞ አፈር ሲዝቅ የሚያሳዩ ሥዕሎች አሉ፤ ዲሴምበር 3 ቀን 1999 ወደ ማርስ ሲወርድ ግን ድምፁ ጠፋ። መርማሪዎቹ ይሆናል ያሉት፣ እግሮቹ ሲዘረጉ የተፈጠረውን ንዝረት ኮምፒውተሩ «መሬት ነካሁ» ብሎ ተርጉሞት 40 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሞተሩን አጥፍቷል የሚል ነው። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲው ስኪያፓሬሊ በኦክቶበር 2016 ኮምፒውተሩ ከመሬት በታች ያለ መስሎት 3.7 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፓራሹቱን ጣለና ተከሰከሰ። በሞተሮቹ ቀስ ብሎ ሲያርፍ የሚያሳየው ሥዕል ዛሬም ይዘዋወራል፤ እውነተኛው ምስል ከኅዋ የተነሳ ጥቁር ጠባሳ ነው።

ቢግል 2 የተባለው የማርስ መንኮራኩር ደግሞ የተለየ ነው። በ2003 የገና ዕለት ሊያርፍ ወርዶ ጠፋ። በሥዕሎቹ ላይ የፀሐይ ፓነሎቹ ሁሉ እንደ አበባ ተከፍተው ነበር። በ2015 በሃይራይዝ ፎቶዎች ላይ ሲገኝ ለካ በሰላም አርፎ ኖሯል፤ ግን ከፓነሎቹ ሳይከፈቱ የቀሩ ያሉ ይመስላል፣ መልእክት የሚልክበት አንቴና ደግሞ የመጨረሻው ፓነል ሥር ነበር። ሥዕሉና እውነቱ የተለያዩት በአንድ ወይም በሁለት ፓነል ነው።

«ታዲያ ፎቶና ሥዕሉን በምን ልለይ?» ካሉ፣ መጀመሪያ የምስሉን መግለጫ ያንብቡ። የጠፈር ድርጅቶቹ ሥዕል መሆኑን ይጽፋሉ፤ ጽሑፉ የሚወድቀው ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። ቀጥሎ ራስዎን ይጠይቁ፦ ካሜራው ምን ላይ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል? ማሽኑ ራሱ ላይ ከሆነ ከላይ ወደ ታች ወይም ከታች ወደ ላይ ነው የሚያየው። ፕላኔቷን በሚዞር መንኮራኩር ላይ ከሆነ መንኮራኩሩ ነጥብ ነው የሚያህለው። ከጎን፣ አሥር ሜትር ርቆ የቆመ ካሜራ ከሆነ ሥዕል ነው። ይህ ደንብ ለመውረዱ ሰዓት እንጂ ከማረፉ በኋላ ላለው አይሠራም፤ በ2021 የቻይናው ዡሮንግ ሮቨር ትንሽ ካሜራ መሬት ላይ ጥሎ ወደ ኋላ በመሄድ ካወረደው ላንደር (ማረፊያ መንኮራኩር) ጋር ሆኖ ራሱን አስነስቷል፤ ኪዩሪዮሲቲም በክንዱ ጫፍ ባለው ካሜራ ራሱን ብዙ ጊዜ አንስቶ ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙ ክንዱ ስለማይታይ ሰው ሥዕል ነው ይላል። ዛሬ ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈበረኩትን ለመያዝ ደግሞ ጎማ ይቁጠሩ፤ ኪዩሪዮሲቲም ፐርሲቪራንስም ስድስት ስድስት ጎማ ነው ያላቸው።

ካሜራ ከመጣ በኋላ ሥዕሉ ምን ይሠራል ለሚልም፣ በፐርሲቪራንስ ቪዲዮ ላይ የሚታየው ከፓራሹቱ መከፈት ጀምሮ ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው፣ ጋሻው ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚግልበት ክፍል፣ ካሜራዎቹ በሽፋኑ ውስጥ ታሽገው ያለፉበት ነው። ያንን ክፍል ከውጭ ሆኖ የሚያሳይ ያለው ሥዕል ብቻ ነው። በሌላ በኩል ቪዲዮው ሠዓሊ የማያስበውን ነገር ሰጥቶናል፦ ጋሻው ተላቅቆ ሲወርድ ከገፉት ሞላዎች አንዱ ከቦታው ወልቆ ይታያል። ጋሻውም እንኳ ያለ እንከን ነው የምንሥለው።

ወደፊት ለሚያዩት አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተባለው የአውሮፓ ሮቨር ካዛቾክ ከሚባል የሩስያ ላንደር ላይ እየወረደ የሚያሳዩ ሥዕሎች በብዛት አሉ። በ2022 በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ትብብሩ ተቋርጦ ላንደሩ ከዕቅዱ ወጥቷል፤ አውሮፓ የራሷን ላንደር እየሠራች ሲሆን ጉዞው ለ2028 ታቅዷል። የማረፊያው ዜና ሲመጣ የቆዩት ሥዕሎች አብረው እንደሚወጡ አልጠራጠርም፤ ሮቨሩ የወረደበትን ላንደር አይተው ካዛቾክ መሆኑን ካወቁ፣ ያዩት የተሰረዘውን ጉዞ ነው።